ስለ መንዝ የገና ገበያ

በደጋው በመንዝ የልደት በዓል መቅረቡ የሚታወቀው በባሕረ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን በውርጩና በገበያውም ነው። ታኅሣሥ ከተጋመሰ በኋላ ሰማዩ ሌሊቱን ጥርት ብሎ ያድራል፤ ጧት የሜዳው ሣር ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ብሎ በሚገኘው በዚህ አገር የሚኖር ባላገር ግን ብርድ መጣ ብሎ ከመንገዱ አይቀርም፤ ባናውን ደርቦ፣ አህያውን ጭኖ፣ ጐሕ ሳይቀድ ይነሣል። በዚያ ሰዓት ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው ጐዳና ሁሉ የሚሰማው የአህያ ኮቴና የበግ ድምፅ ነው፤ ሰውየው ራሱ የሚታወቀው አጠገብ ደርሶ ሲሳል ወይም «እንዴት አደራችሁ» ሲል ነው።

እርግጥ ነው፤ የማማ ምድር ሰው ሞላሌ ይቀርበዋል፤ ግሼም በራቤል፣ መርሐ ቤቴም በዓለም ከተማ የየራሳቸው ገበያ አላቸው። ዳሩ ግን የገና ገበያ ሲሆን በግ ያለው ሰው ብዙ ገዢ ወደሚገኝበት መሄድን ይመርጣልና፣ ከጌራ ምድርም ከላሎም ከሌላውም ብዙ ሕዝብ በመሐል ሜዳ ይገናኛል። በ2017 ዓ.ም. ከልደት በፊት የዋለው የመጨረሻው ገበያም እንደዚሁ ሞልቶ ነበር። አንዲት ሽማግሌ ሴት እንቍላል በጭድ መካከል እየደረደሩ «ዘንድሮስ ገና በቀኑ ይዋል፤ አምና አንድ ቀን ቀድሞብኝ ዶሮዬን ሳልሸጥ ቀረሁ» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ 2016 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ስለ ነበረ ልደት የተከበረው በታኅሣሥ 28 ቀን ነው። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን የጽንሱ ቍጥር እንዳይፋለስ ሊቃውንት ያቆሙት ሥርዐት፣ በአንዲት ባለ ዶሮ ላይ እንደዚህ ያለ ጕዳት ያደርሳል ብሎ ማን ያስባል?

ገበያው የሚቆመው ደጋና ቆላ አንዱ ካንዱ የሚፈልገው ነገር ስላለ ነው። ደጋው በርበሬና ጥጥ አያበቅልም፤ ጌሾም እንደ ልብ አያገኝም። ቆላው ደግሞ ጠጕሩ የረዘመ በግና ለብርድ የሚሆን ልብስ የለውም። ስለዚህ ከይፋትና ከቀወት፣ ከኤፍራታም ሽቅብ የወጣው ነጋዴ በርበሬውን፣ ቀይ ሽንኵርቱን፣ ሎሚውን ዘርግቶ ይቀመጣል። ነገር ግን ብርዱን ስለማይችለው ከፀሐይ ጋራ ይዞራል እንጂ ባንድ ቦታ አይጸናም፤ ጧት ከአጥሩ በስተ ምሥራቅ የነበረ በርበሬ ሻጭ ከቀትር በኋላ በስተ ምዕራብ ይገኛል። የመንዝ ሰው ይህን እያየ ይሥቃል። ባላገሩ በበኩሉ ገብሱን፣ ባቄላውን፣ ምስሩን፣ ቅቤውን፣ ከጓሳ ሣር የተገመደ ገመዱን፣ ከሁሉም በላይ በጉንና የበጉን ጠጕር ሥራ ያቀርባል።

ስለ ጓሳ ሣር አንድ ቃል ሳይባል ማለፍ አይገባም። ይህ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገሳ፣ ለገመድ፣ ለመጥረጊያ ይሆናል። የሚበቅልበትን ሰፊ ሜዳ የአገሬው ሰው በቄሮ ሥርዐት አለቃ መርጦ፣ ለአያሌ ዓመት ዘግቶ፣ በቀኑ ከፍቶ ሲጠብቀው ኖሯል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ያን ሥርዐት ቢያፈርሰውም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ ስለ ቀጠለ፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው እስከ ዛሬ ከዚያ አልጠፉም። በገና ገበያ የሚሸጠው ሙክት የሚታሰርበት ገመድ አብዛኛውን ጊዜ የዚያ ሜዳ ፍሬ ነው፤ በጉ ከአገሩ ሲወጣ የአገሩን ሣር በአንገቱ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው።

የገና ገበያ ከፋሲካ ገበያ ጋራ የሚመሳሰልበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የሚሸጠውን መልካም ነገር ሻጩም ገዢውም የማይቀምሱት መሆኑ ነው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የተያዘ ስለ ሆነ፣ በሌላ ጊዜ ቅቤውን በጣቷ ጫፍ ነክታ የምትቀምስ ሴት አሁን ታሸተዋለች፤ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ታሸዋለች፤ ወደ ብርሃን አቅርባ ትመለከተዋለች፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን ለሻጯ ሕሊና ትተዋለች። ሕሊና የጐደላትም ሴት አልፎ አልፎ አትታጣም። በቅቤው ውስጥ የተደባለቀው ባዕድ ነገር በልደት ጧት ከምጣዱ ላይ ራሱን ይገልጣል፤ በዚያን ጊዜ ግን ሻጯ በየት አገር እንዳለች አይታወቅም። በግ የሚገዛውም ሰው እንደዚሁ አርባ ቀን ሥጋ ያልቀመሰ ነው፤ ላቱን ሲጨብጥ፣ ወገቡን ሲዳስስ፣ ጥርሱን ሲያይ ፊቱ ላይ የሚነበበውን ነገር የንስሓ አባቱ ባያዩት ይሻላል።

ድሮ በዚህ አገር ገበያ የሚሠራው በአሞሌና በጠገራ ብር ነበር። አሞሌው ከዳናክል በረሃ፣ ብሩ ከኔምሳ አገር ይመጣል። የማርያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበት ያ ብር በማንኛውም ዓመት ቢመታ የተጻፈበት 1780 የሚል ነበርና፣ ሽማግሌዎች ብሩን ሲቀበሉ ዘመኑን ሳይሆን የንግሥቲቱን ጌጥ ይመረምሩ ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከታወጀ በኋላም ቢሆን ባላገሩ ጠገራውን ከመሬት በታች ቀብሮ ማስቀመጡን ቶሎ አልተወም። ዛሬ መሐል ሜዳ ላይ ወጣቱ ሁሉ በስልኩ ገንዘብ ይልካል፤ ይቀበላል። በግ ሻጩ ሽማግሌ ግን አሁንም ወረቀቱን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አቅንቶ ሳያይ ከገመዱ ላይ እጁን አያነሣም።

ከበግ ተራው ወደ ዋናው መንገድ ሲመለሱ የሱቆቹ መስኮት በብልጭልጭ ወረቀት አጊጦ ይታያል። ከአዲስ አበባ የመጣው ፋሽን እዚህም ደርሷል፤ አንዳንዱ ባለ ሱቅ ከላስቲክ የተሠራ ጽድ አቁሞ፣ በቅርንጫፉ ላይ የተባዘተ ጥጥ ጥሎበታል። ጥጡ በረዶ መሆኑ ነው። በአውሮፓ ልደት ታኅሣሥ 16 ቀን ሲውል ምድሩን በረዶ ስለሚያለብሰው፣ ሥዕላቸውም ጌጣቸውም ይህንኑ ይዞ ዓለምን ዞረ። የመንዝ ሴት ግን ያን ጥጥ ስታይ የምታስበው በረዶን አይደለም። ጥጥ ከቆላ በአህያ ተጭኖ ወጥቶ፣ ተዳምጦ፣ ተፈትሎ ነጠላ የሚሆን ውድ ነገር ነው። አንዲቱ መስኮቱን አሻግራ አይታ «ይህን ሁሉ ጥጥ ዛፍ ላይ የጣለው ሰው ሚስት የለችውም?» አለች፤ ባለ ሱቁ ሰምቶ ሣቀ፤ ጥጡን ግን አላነሣም። ውርጭ ለማየት የፈለገ ሰው ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ ጧት ቢቆም በቂ ነበር።

በዚህ ሕዝብ መካከል ከአንድ ገጠር ደብር የመጡ ቄሰ ገበዝ አንድ የቆሎ ተማሪ አስከትለው ሲሄዱ ይታዩ ነበር። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ ጥምጥማቸው በአቧራ የደበዘዘ፣ ነገር ግን አረማመዳቸው የተማሪውን የሚያስንቅ ነው። የምእመናኑ መዋጮ በመሐረብ ተቋጥሮ በብብታቸው ሥር አለ። ሊገዙ የመጡት ሦስት ነገር ነው፤ ዘቢብ፣ ዕጣንና ጧፍ። ለራሳቸው ቤት የሚገዛውን ባለቤታቸው ቈጥረው የሰጧቸው ሌላ ገንዘብ ሲሆን፣ እርሱን በሌላ ኪስ ይዘውታል፤ ሁለቱ እንዳይደባለቁም በየጥቂቱ በእጃቸው ይዳስሳሉ።

ዘቢብ ለመንዝ የእንግዳ አገር ፍሬ ነው። ለቅዱስ ቍርባን የሚሆነው ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ዋጋው ከፍ ብሏል። በዚህም ላይ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፤ አንድ ቀን ይዘጋል። ከጣርማ በር ተገንጥሎ በመዘዞና በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚመጣ ጭነት የሚደርስበትን ቀን ባለ መኪናውም አያውቀው። ቄሰ ገበዙ ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ የሆነ ሆኖ ባለ ሱቁ ዋጋውን ሲነግራቸው እንዳልሰሙ ሆነው ደግመው ጠየቁ።

«አባታችን፣ እኔ አልጨመርኩም፤ ዶላር ነው የጨመረው» አለ።

«ዶላር ከቤተ ልሔም ጋራ ምን ዝምድና አለው?»

«ሰብአ ሰገልስ ወርቅ ይዘው አይደለም የመጡ?»

ቄሰ ገበዙ ይህን መልስ ሳይወዱት አልቀረም፤ ነገር ግን ሣቃቸውን ዋጥ አድርገው መሐረቡን ፈቱ። ዘቢቡን ገዙ፤ ከዘቢብ ቀጥሎ ዕጣኑን ገዙ። በመሐረቡ የቀረው ገንዘብ ለጧፍ የሚበቃ አልነበረም። ወደ ሌላው ኪሳቸው እጃቸውን ሰደዱ፤ ጥቂት ቆዩና መልሰው አወጡት። በዚያ ኪስ ያለው የበርበሬና የቡና ገንዘብ ሲሆን፣ ባለቤታቸው ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያዙ ሴት ናቸው።

«ጧፉ ይቅር» አሉ።

ተማሪው ደነገጠ። «በልደት ሌሊት ጧፍ ሳይበራ?»

«እረኞቹም ጧፍ ይዘው አልመጡም» አሉት። ይህን ይበሉት እንጂ ፊታቸው ራሳቸው በተናገሩት ነገር የተጽናና አይመስልም ነበር። ጧፍ የያዘ ሕዝብ መቅደሱን ሲዞርና ጧፍ ያልያዘ ሕዝብ ሲዞር አንድ እንዳይደለ፣ አምሳ ዓመት በማሕሌት የቆመ ሰው ይቅርና ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

በበግ ተራው ደግሞ ሌላ ነገር ይደረግ ነበር። ወደ አዲስ አበባ የሚጫነውን በግ የሚገዙት ነጋዴዎች አይሱዙአቸውን ከሜዳው ዳር አቁመዋል፤ የገዙትንም በግ በጀርባው ላይ ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለም እየቀቡ ይለያሉ። የመንዝ በግ ቁመቱ አጭር፣ ጠጕሩ ረዥምና ሻካራ፣ ላቱ ሰፊ ነው። በአመድ ጉያና በደብረ ብርሃን ከውጭ ከመጣው ከአዋሲ በግ ጋራ እየተዳቀለ የተባዛም አለ፤ ባላገሩ ግን ብርዱን የለመደውን የቀድሞውን ዘር ፈጽሞ አልለቀቀም። በልደት ቀን በአዲስ አበባ በየቤቱ ከሚታረደው በግ ምን ያህሉ ከዚህ ደጋ እንደሚሄድ የሚበላው ሰው ብዙም አይጠይቅም። አርቢው ሰውየ በጉን ሸጦ ዶሮ ይዞ ይመለሳል፤ ዶሮም ያልሆነለት በሽሮ ይውላል። ማዳበሪያ በብር ነው፤ መድኀኒት በብር ነው፤ የልጅ ልብስ በብር ነው፤ በግ ደግሞ ከቤቱ ንብረት ሁሉ ቶሎ ብር የሚሆን ነው።

አንዲት መበለት አንድ ጥቁር ሙክት ይዘው ከቆሙ ብዙ ሰዓት ሆኗቸዋል። ሙክቱን የቀለቡት ለሽያጭ አልነበረም። አዲስ አበባ በአንድ ሰው ግቢ በዘበኝነት የሚያገለግል ልጅ አላቸው፤ እርሱ ለገና ሲመጣ ይታረዳል ተብሎ ነበር። በ2016 ዓ.ም. መንገዱ በመዘጋቱ ልጁ ሳይመጣ ቀረ፤ በጉም አንድ ዓመት ተረፈ። ዘንድሮ ደግሞ ጌታው በዓሉን ከቤተ ሰቡ ጋራ ወደ ሌላ አገር ሄዶ ስለሚያከብር፣ ቤቱን የሚጠብቅለት ሰው ያስፈልገዋል። ልጁ ይህን በስልክ ሲነግራቸው «እሺ» ብለው ዘጉት፤ በማግስቱም ሙክቱን ከቤት አወጡት። እንግዲህ ሁለት ዓመት የተቀለበ ሙክት ላቱ እንዴት እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም፤ ደላላው ባየው ቍጥር በእጁ ሳይመዝነው አያልፍም ነበር።

በትከሻቸው ላይ አንድ የተጠቀለለ ባና ተሸክመዋል። ያልለበሱት ስለ ሆነ ሰው ሁሉ ለሽያጭ የመጣ መስሎት ዋጋውን ይጠይቃቸዋል፤ እርሳቸውም «አይሸጥም» ይላሉ። ባና በመንዝ እንዴት እንደሚሠራ የከተማ ሰው ቢያውቅ መልካም ነው። ጠጕሩ ከበጉ ተሸልቶ፣ ታጥቦ፣ ተነድፎ፣ ከዚያ በኋላ በሴቶች እጅ ይፈተላል፤ ፈታይዋ እሳት ዳር ተቀምጣም፣ ከብት እየጠበቀችም፣ ለቅሶ ቤት እየሄደችም እንዝርቷን አትጥልም። የሚሸምነው ወንድ ነው። ቀለም አይገባበትም፤ ጥቁሩ በግ ጥቁሩን፣ ቡናማው ቡናማውን፣ ነጩ ነጩን ይሰጣል። ባና ሲለብሱት መጀመሪያ ይሻክራል፤ ከዓመታት በኋላ ይለሰልሳል፤ ባለቤቱ ሲሞት ለልጅ የሚተርፍም አለ። በደብረ ብርሃን ከ1950ዎቹ ጀምሮ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ቆሟል፤ ዛሬ ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ለስላሳ ብርድ ልብስ በየሱቁ ተከምሯል፤ ዋጋውም ከባና ይረክሳል። ሌሊት ከግቢ በር ሥር የሚቀመጥ ዘበኛ ግን የትኛው እንደሚሻለው ያውቃል።

ነጋዴው ዘጠኝ ሺ ብር አለ። መበለቲቱ ዐሥር ሺ አሉ። ደላላው ሁለቱንም በእጃቸው እየያዘ ወዲያና ወዲህ ጐተታቸው፤ ሙክቱ ሦስት ጊዜ ተፈታ፤ ሦስት ጊዜ ታሰረ። ከዚያ በኋላ መበለቲቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥

«ዘጠኝ ይሁን፤ ነገር ግን ይህችን ባና አዲስ አበባ ለልጄ ታደርስልኛለህ» አሉ።

«እናቴ፣ እኔ በግ ጫኝ ነኝ እንጂ ፖስታ ቤት አይደለሁም።»

«በጌ የሚሄድበት መንገድ ባናዬን ምን ብሎ ይከለክላል?»

ነጋዴው ራሱን አከከ። የማያውቀውን ሰው ዕቃ ተቀብሎ መንገድ ላይ ቢፈተሽ የሚመጣበትን ያስባል፤ ልጁን ፈልጎ እስኪያገኝ በጎቹን ማን ይጠብቅለታል? ይህን ሁሉ ዘረዘረ፤ ውሸትም አልነበረበትም። በመጨረሻ ባናውን ዘርግቶ፣ አራግፎ፣ ደባብሶ አየና ሁለት መቶ ብር ለጭነት ቀንሶ ሊወስድላቸው ተስማማ። አንባቢ ይህን ሰው ለመንቀፍ ይቸኵል ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያ መንገድ በግ የሚጭን ሰው በየት በየት ምን ያህል እንደሚከፍል ቢሰላ፣ ሁለት መቶው ከሚገመተው ያነሰ ክፋት ነው። መበለቲቱም ስምንት ሺ ስምንት መቶውን ሁለት ጊዜ አስቈጥረው ተቀበሉ።

አሁን የልጁን ስልክ የሚጽፍ ሰው አስፈለገ። ቍጥሩ ከነጠላቸው ጫፍ በተቋጠረ አሮጌ ወረቀት ላይ ነው፤ እርሱን ለነጋዴው ሰጥተው ባዶ እጃቸውን ሊቀሩ አልፈለጉም፤ ነጋዴውም ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ነበር። ቄሰ ገበዙ በዚያ ሲያልፉ መበለቲቱ ሮጠው መስቀል ተሳለሙና ነገሩን ነገሯቸው። ተማሪው ከደብተሩ አንድ ቅጠል ገነጠለ። ቄሰ ገበዙ ወረቀቱን በጕልበታቸው ላይ አኑረው፣ ብርድ ባደረቀው ጣታቸው፣ ስንክሳር እንደሚገለብጥ ሰው ቍጥሩን አንድ በአንድ አጥርተው ጻፉ፤ ከሥሩም የልጁን ስም፣ የሠፈሩን ስም ጨመሩ። ከጻፉ በኋላ አነበቡላቸው፤ መበለቲቱም ቍጥሩን በቃላቸው ያውቁት ኖሮ አብረው አሉት። ግማሹ ወረቀት ተቀደደና በባናው እጥፋት ውስጥ ገባ።

«እግዜር ይስጥልኝ አባ። ለገና ምን ምን ገዙ?»

ቄሰ ገበዙ «ሁሉም ተገዛ» ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ ተማሪው ቀደማቸው። «ጧፍ አልገዛንም፤ ገንዘቡ አልበቃም» አለ። ልጁ በኋላ በመንገድ ለዚህ ነገር ተግሣጽ መቀበሉ አይቀርም፤ በዚያን ጊዜ ግን ነገሩ ወጥቷል።

መበለቲቱ ገና ያልሞቀውን ገንዘብ ፈትተው ሦስት መቶ ብር ቈጠሩ። ቄሰ ገበዙ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። «ልጄ፣ ይህ የማዳበሪያሽ ነው። ጧፍ ሳይበራ ቢቀር እግዚአብሔር በጨለማ ያያል» አሉ።

«እርሱስ ያያል። እኔ ነኝ የማላይ» አሉ መበለቲቱ።

ወንጌል የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም ያነበበ ካህን እንደዚህ ባለ ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባው ቀላል ነገር አይደለም። መቀበል ከድኻ መውሰድ ይሆናል፤ አለመቀበልም ከሰጪዋ ላይ የመስጠትን መብት መውሰድ ነው። ቄሰ ገበዙ ጥቂት ዝም ብለው ቆሙ። መበለቲቱም ጭንቃቸውን ዐውቀው እንደ ሆነ አይታወቅም፥ «በከንቱ አይደለም፤ የልጄን ስመ ክርስትና በሌሊቱ ጸሎት ያንሡልኝ። ዘንድሮም አልተሳለመም» አሉ። በዚህ ጊዜ ቄሰ ገበዙ ገንዘቡን ተቀበሉ። የቀረውንም ግማሽ ወረቀት ከተማሪው እጅ ወስደው የክርስትናውን ስም ጻፉበት፤ አጥፈውም ከዘቢቡ ጋራ አስቀመጡት።

ከቀትር በኋላ አይሱዙዎቹ ተራ በተራ ተነሡ። ከሜዳው ዳር ገና የሚጫወቱ ልጆች ሩራቸው ከጐማው ሥር እንዳይገባ እየጮኹ ሮጡ። ጥቁሩ ሙክት በጀርባው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ከሌሎቹ መካከል ቆሟል፤ አንገቱ ላይ ያለውን የጓሳ ገመድ መበለቲቱ ሊፈቱት ፈልገው ነበር፤ በኋላ ግን ተዉት። ባናው ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ገብቷል። መበለቲቱ ግማሽ ኪሎ ቡና፣ ጥቂት ሽንኵርት፣ አንድ አውራ ዶሮ ገዝተው ዶሮውን በብብታቸው አቅፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በልደት ሌሊት በዚያ ደብር ማሕሌቱ በጊዜው ተቆመ፤ ጧፉም ለሁሉም ባይዳረስ ለብዙው ደረሰ። ውርጩ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ሣር አንጥቶት ነበር፤ ሕዝቡ ሲዞር በእግሩ ሥር የሚንኰሻኰሸው ድምፅ ከዜማው ጋራ ይሰማ ነበር። መበለቲቱ ከሴቶቹ ጋራ በስተ ቀኝ ቆመው፣ ጧፋቸውን ከነፋስ በእጃቸው ከልለው፣ ስሙ ሲነሣ ለመስማት ጆሯቸውን አቀኑ። ቄሰ ገበዙም አልዘነጉትም።

ጧት ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ስልክ ወደሚይዝበት ጕብታ ወጥተው ለልጃቸው ደወሉ። ልጁ ደኅና ነው፤ ባናው ግን ገና አልደረሰም ነበር። ነጋዴው በጎቹን ሸጦ ሳይጨርስ ከተራው ስላልተንቀሳቀሰ ያደረሰው በማግስቱ፣ በታኅሣሥ 30 ቀን ነው። በዚያ ማታ ልጁ ራሱ ደወለ፤ አስቀድሞ የጠየቀውም በጉ ስንት ብር እንዳወጣ ነበር። እናቱም «ዘጠኝ ሺ» አሉት፤ ሁለት መቶውንና የጧፉን አላነሡበትም።